የሰጋቱራው መደብ

«የከተማ ሰው አላምጦ የተፋውን አምጥተሽ እኔ ማሳ ላይ ልትደፊ ነው?»

እንዲህ ያሉኝ የሽንኩርት ማሳቸውን ለሙከራ እንዲሰጡን ልለምናቸው የሄድኩባቸው ሴትዮ ናቸው። ቤታቸው በመቂና በባቱ መካከል፣ ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ ገባ ብሎ ነው። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው የግቢያቸውን በር በቁመታቸው ዘግተውታል። ከኋላዬ የፈረስ ጋሪ ቆሟል። ጋሪው ላይ አሥራ አንድ ጆንያ ገረባ ተጭኗል፤ ጫት ቃሚ ለጋ ለጋውን ቀንጥሶ የሚጥለው ቅጠልና ጭራሮ ማለት ነው።

«የተፋውን አይደለም፣ ሃርሜ» አልኳቸው። ሃርሜ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው፤ ሰው ልለምን ስሄድ ኦሮምኛዬ ይሻሻላል። «የጣለውን ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ላስረዳ አፌን ስከፍት ጋሪ ነጂው ቀደመኝ። «የተፋው እርጥብ ነው፣ የጣለው ደረቅ ነው፣ እማማ» አለ። ጠዋቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ሲዞር ቆይቶ የገባው ሳይንስ ይኼ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም የገባኝ ከእሱ ብዙ አይበልጥም ነበር።

«ጸሎት ቤት የምሄድ ሴት ነኝ!» አሉ ድምፃቸውን ለጎረቤት በሚበቃ መጠን ከፍ አድርገው። «በጠራራ ፀሐይ አሥራ አንድ ጆንያ ጫት ደጄ ሲራገፍ ሰው ምን ይለኛል?»

ሰው ምን ይላል የሚለው ጥያቄ በእኛ አገር ከማንኛውም የአፈር ጥያቄ እንደሚቀድም ያኔ አልገባኝም ነበር። ሰው ምን ይላል ያሉት ጎረቤቱን ብቻ መስሎኝ ነበር።

እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ጨርሻለሁ ማለት ፈተናውን ተቀምጫለሁ ማለት ነው፤ ውጤቱን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሱን አስቀድሞ ስለሚያውቀው አልደክምም። ከዚያ ሞባይል ቤት ተቀጠርኩ፤ ደንበኛ ተሳድቤ ወጣሁ። ዱከም ፋብሪካ ገባሁ፤ ተቆጣጣሪውን ተሳድቤ ወጣሁ። እናቴ «አንቺን የሚችል መሥሪያ ቤት ገና አልተመሠረተም» ትለኝ ነበር። ተመሥርቶ ኖሯል። ባቱ ላይ ቢሮ የከፈተ አንድ ፕሮጀክት «የመስክ መረጃ ሰብሳቢ» አድርጎ ቀጠረኝ። መታወቂያዬ ላይ እንደዚያ ተጽፏል። ሥራው ግን ቆሻሻ መልቀም ነበር፤ መረጃው የመጣው በኋላ ነው።

የፕሮጀክቱ ስም ከመርዘሙ የተነሳ ባነሩ ላይ ሦስት መስመር ይዟል። መጨረሻው ላይ ስትደርስ መጀመሪያው ይጠፋብሃል። እኔ ለሰው ሳስረዳ ግን ነገሩ ቀላል ነው። ከመቂ እስከ ባቱ ያለው ገበሬ ሽንኩርት ይተክላል። የሽንኩርት ሥር አጭር ነው፤ እንደ እኔ ትዕግሥት። ዩሪያው በጭብጥ ይበተንለታል፤ ከዚያ በፓምፕ የተሳበ ውሃ በቦዩ ይለቀቅበታል። ሽንኩርቱ የደረሰበትን ይበላል፤ ያልደረሰበት ናይትሬት ሆኖ ከውሃው ጋር ቁልቁል ይወርዳል። ቁልቁል ያለው ደግሞ የሰው ጉድጓድ ነው።

መድኃኒቱ ነው የተባለው ማንም የማይፈልገው ነገር ነው፦ ገረባ፣ ከአናጺ ቤት የሚወጣ ሰጋቱራ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ። አፈር ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት እንጨት ነክ ነገር ሲያገኙ ሊበሉት ይነሳሉ። ብቻውን ግን አይወርድላቸውም። እንጨቱ እንጀራቸው ነው፣ ናይትሬቱ ወጣቸው። ስለዚህ ናይትሬቱን ከውሃው ቀምተው ሆዳቸው ውስጥ ያቆዩታል። እነሱ ሲሞቱ ቀስ ብሎ ለተክሉ ይለቀቃል። ይኼው ነው። ለዚህ ሦስት መስመር ባነር።

ሴትዮዋ ስለ ነፍሳቱ ሆድ ደንታ አልነበራቸውም። ደንታቸው ጉድጓዳቸው ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው አይሱዙ ይነዳል፤ ቤት ያለችው ምራታቸው ናት፣ ከአራት ወር ወንድ ልጇ ጋር። የልጅቷ ጡት ስለነጠፈ ሕፃኑ የሚያድገው በዱቄት ወተት ነው። ከጤና ጣቢያ የመጣችው ባለሙያ የጉድጓዱን ውሃ አስመርምራ «በዚህ ለሕፃን ወተት እንዳትበጠብጡ፤ ደም ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ ያሳጣዋል፤ ማፍላትም አያወጣውም» ብላቸዋለች። ስለዚህ ምራትየው በየቀኑ ልጁን አዝላ፣ አህያዋ ላይ ጀሪካን ጭና፣ ወደ ባቱ መግቢያ ካለው ቦኖ ትወርዳለች። ጠዋት የወጣች ለምሳ ነው የምትመለሰው። ጉድጓዱ ከማጀቱ ሃያ እርምጃ ነው።

«ታዲያ ይኼ ገረባሽ ጉድጓዴን ያጸዳል?» አሉኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ያጸዳል።»

«መቼ?»

«እስከ ፋሲካ።»

ማንም እንደዚያ በይ አላለኝም። ከእሳቸው በፊት ሦስት ገበሬዎች ጋሪዬን ከነጆንያው መልሰውታል፤ ፈረሱም እኔም ደክሞን ነበር። ጉድጓድ በአንድ ወቅት እንደማይጸዳ፣ የአንድ ማሳ ሰጋቱራ የጎረቤቱን ዩሪያ እንደማያቆም አውቃለሁ፤ ሥልጠና ላይ ተነግሮናል። ግን ሚኒባስ መቼ እንደሚደርስ የሚናገር ረዳት መስዬ «እስከ ፋሲካ» አልኩ። ምራትየው ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሴትዮዋ ከበሩ ገለል አሉ።

«ከቤቱ ጀርባ አራግፉት» አሉ። «ከመንገድ እንዳይታይ።»

ኅዳርን ሙሉ ቆሻሻ ስለቅም ከረምኩ። አናጺ ቤቶቹ ሰጋቱራውን ሲጥሉት የኖሩ ናቸው፤ ፕሮጀክት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ግን ክብሩ ጨመረ። አንዱ በእግሩ ይረግጠው የነበረውን ክምር በመጥረጊያ ሰብስቦ ቆመበትና «ኮፍያ የለውም እንዴ?» አለኝ። ኮፍያ ሳላመጣለት ጆንያዬን አልሞላም አለ። አመጣሁለት። እስካሁን ያንን ኮፍያ አድርጎ ይላጋል።

የጫት ቤቶቹ ይሻላሉ። ከምሳ በኋላ ገብቼ ከደንበኞቹ እግር ሥር ስጠርግ ሁሉም አማካሪዬ ነው።

«ለምንሽ ነው?» ይለኛል አንዱ።

«ለሽንኩርት።»

«ሽንኩርቱ ሊመረቅን ነው በይኛ!»

«ሲያወራ ያድርና ጠዋት ቢቀሰቅሱት አይነሳም» ይላል ሌላው።

«ገረባው አንቺን ነው የሚመስለው፣ እህቴ፤ ገና ሲመጣ የደረቀ ነው።»

«አንተ ደግሞ ገረባውን ትመስላለህ» አልኩት። «ለጋህን ማን እንደቀነጠሰው እንጃ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከጥግ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ብቻ አልሳቀም። ሌላው ሰው ስቆ ሲጨርስ፣ «ሰጋቱራ ትቀላቅያለሽ?» አለኝ። «አዎ» ስለው፣ «መጀመሪያ ተክሉን ያስርበዋል። ነፍሳቱ ናይትሬቱን ስለሚሻሙት ቅጠሉ ይወይባል። አትደንግጪ፤ ሲጠግቡ ይመልሱለታል። ብቻ በዚያ መሀል ማንም ሰው አዝኖለት ዩሪያ እንዳይጨምርበት» አለኝ። በአፈር ሳይንስ ተመርቆ አራት ዓመት ሥራ ያጣ ሰው ነው። ቢሯችን ውስጥ በስላይድ ሁለት ቀን ያልገባኝን እሱ ጫት እየቀነጠሰ በሁለት ደቂቃ አስገባልኝ። የእሱን ቦታ ማን እንደያዘው አሁን እነግራችኋለሁ።

አስተባባሪያችን ዶክተር መባል ይወድ ነበር። ትምህርቱን ገና እየተማረ ነው፤ ማዕረጉን ግን ሲመዘገብ ነው የጀመረው። መስክ ሲወጣ ጫማውን በላስቲክ ይሸፍናል። አፈርን የሚወደው በስላይድ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ተከልን። መደቡ ሁለት ነው፤ አንዱ ሴትዮዋ እንደለመዱት፣ አንዱ ሰጋቱራ፣ ገረባና የተፈጨ ቆረቆንዳ የገባበት። ሁለተኛውን ሁላችንም የሰጋቱራው መደብ እንለዋለን፤ ሴትዮዋ ጫቱ እንዳይነሳባቸው ነው ስሙን ያወጡት። ዩሪያውን ለሁለቱም እኩል፣ በሚዛን ሰጠናቸው። ከሽንኩርቱ ሥር በታች፣ በየመደቡ ጎኑ የተቀደደና ጠጠር የተሞላ ጀሪካን ቀብረናል፤ ቁልቁል የሚሰርገውን ውሃ ያቁራል። ከጀሪካኑ ቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ወጥቷል። በየሳምንቱ በትልቅ ሲሪንጅ ስቤ ወረቀት እነክርበታለሁ። ናይትሬት ከሌለው ወረቀቱ ነጭ ይሆናል፤ ካለው ሮዝ፤ በጣም ካለው ወይን ጠጅ።

ሠራ። ይህን ስጽፍ እንኳ ደስ ይለኛል። በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያው መደብ ወረቀት ደማቅ ሮዝ ሆኖ ሲወጣ የሰጋቱራው ነጭ ለመሆን ጥቂት ቀረው። በአምስተኛው ሳምንትም እንደዚያው። ሕይወቴን ሙሉ ያልኩት ነገር እንደዚያ በሰዓቱ ሆኖ አያውቅም። ለሴትዮዋ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጌ ሳሳያቸው ነጩን ተቀብለው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስገቡት። ምራትየው ዞራ ጉድጓዱን አየችው።

ሽንኩርቱ ግን ያ ሰውዬ እንዳለው ወየበ። ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ሆነ፤ ቁመቱም ከጎኑ ካለው አጠረ። በአጥር በኩል የሚያልፍ ጎረቤት ሁሉ ይቆማል።

«ሽንኩርታችሁን የወፍ በሽታ ያዘው እንዴ?»

«ጠበል ይወሰድ!»

«የእነሱ ቤት ጠበል የለም፤ ይጸለይለት!»

ሴትዮዋ እየሳቁ ይመልሱላቸዋል፤ ሰዎቹ ሲያልፉ ግን ሳቁ ፊታቸው ላይ አይቆይም። «ይመለሳል አይደል?» ይሉኛል። «ይመለሳል፣ ሃርሜ። ረሃብ ላይ ነው እንጂ አልታመመም።» እሺ ይላሉ። እሺ ማለታቸው ግን እኔን ላለማስቀየም ነበር።

የካቲት ሲገባ ቢሮው «የመስክ ቀን አለ» አለ። የመስክ ቀን ማለት ከአዲስ አበባና ከአዳማ እንግዶች በመኪና መጥተው፣ ማሳው ዳር ቆመው፣ አጨብጭበው፣ ዓሣ በልተው የሚመለሱበት ቀን ነው። አስተባባሪው ከቀኑ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ማሳውን ሊያይ መጣ። ላስቲኩን ጫማው ላይ እየጎተተ የሰጋቱራው መደብ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይኼ ምን ሆኖ ነው?»

«መጀመሪያ እንደዚህ ነው። አሁን እየተመለሰ ነው፤ አዲሱን ቅጠል ይዩት። ወረቀቱ ደግሞ ነጭ ነው።»

«እንግዳ ወረቀት ሊያይ አይመጣም። ቅጠል ሊያይ ነው የሚመጣው። ፎቶ ላይ ይኼ ምን ይመስላል? ድርቅ የመታው!»

«ታዲያ እንንገራቸዋ። ሳይንሱ እንደዚህ ነው እንበላቸው።»

«ስንት አምጥተሽ ነበር አሥራ ሁለተኛ ላይ?» አለኝ።

ወረቀቶቼን ወደ ኪሴ መለስኩ። ሳልሳደብ ካለፍኩባቸው ጥቂት ቀናት አንዱ ነው። እሱ ወደ ሴትዮዋ ዞረና ፈገግ አለ። «እማማ፣ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል አይደል?»

«ታዲያስ ልጄ! ምን ጥያቄ አለው!»

«በቃ።»

ያ «በቃ» ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። እሳቸው ገብቷቸዋል።

በሳምንቱ ስመለስ የሰጋቱራው መደብ ጥቁር እስኪመስል አረንጓዴ ሆኗል። ከሩቅ ሳየው ተመለሰ ብዬ ሮጥኩ። ጎንበስ ስል ግን ከሥሩ ነጭ ፍሬ ፍሬ ተበትኗል። ቦዩ በውሃ ጠግቦ እግሬን እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጠው።

«አሳመርኩልሽ» አሉኝ ሴትዮዋ ከኋላዬ። ፊታቸው እንደ በዓል ዋዜማ በርቷል።

«ዩሪያ ጨመሩበት?»

«ትንሽ ነው።»

«ስንት?»

«ሦስት ጣሳ። ቶሎ እንዲገባለት ደግሞ ሁለቴ አጠጣሁት።»

«ሃርሜ! ለምን?»

«እንዴት ለምን ትያለሽ? ትልልቅ ሰው መጥቶ የወየበ ነገር በደጄ ይይ? አንቺም ታፍሪያለሽ፣ ያም ልጅ ያፍራል፣ እኔም አፍራለሁ። እንግዳ ነው እኮ!»

በእሳቸው ቤት የተጣፈ ቀሚስ ለእንግዳ አይለበስም፤ የተሰነጠቀ ሲኒ ለእንግዳ አይቀርብም። ሽንኩርቱም ከሲኒው ጋር ተቆጠረ። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም ስላይድ ላይ አላየሁትም።

ሲሪንጁን ሰካሁ። የወጣውን ውሃ ወረቀቱ ገና ሲነካው ወይን ጠጅ ሆነ። ከመጀመሪያው መደብ የባሰ። ወራት ሙሉ ያልወረደው ሁሉ ከነወለዱ ወርዷል። ለሴትዮዋ ያኔውኑ ማሳየት ነበረብኝ። ወረቀቱን ግን ኪሴ ከተትኩትና ባጃጅ ይዤ ወደ ቢሮ ሮጥኩ፤ ከአስተባባሪው ጋር ለመጣላት ቸኩዬ ነበር። ጥል ሲኖር ሌላው ነገር ይጠፋኛል።

«ይኼ ውጤት አይደለም» አለኝ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይዞ። «ይኼ ስህተት ነው። ስህተት ለእንግዳ አይቀርብም።»

«ታዲያ ዩሪያ ስለተጨመረበት ነው እንበል። እንዲያውም ጥሩ ትምህርት ነው።»

«ማነው የጨመረው?»

«እርስዎ ነዎት ያስጨመሩት።»

«እኔ? እኔ ቤት ይጠረጋል ነው ያልኩት።» ወረቀቱን ቅርጫት ውስጥ ጣለው። «ስሚ። የዚያን ቀን ሁለት ጠርሙስ ይኖራል፤ አንድ ከመጀመሪያው መደብ፣ አንድ ከሰጋቱራው። አዘጋጅቼ የማመጣው እኔ ነኝ። አንቺ ወረቀት መንከር ብቻ ነው።»

«በሁለተኛው ጠርሙስ ምን አለ?»

«ውሃ።»

ዋሸ አልለውም። ውሃ ነበር። ከቢሯችን ፊት ለፊት ካለው ሱቅ የተገዛ የታሸገ ውሃ።

«ማሳያ ነው» አለኝ፣ ዓይኔን አይቶ። «ማሳያ ማለት የሚታይ ማለት ነው። ከዚህ በፊት እውነትም ነጭ ነበር አይደል? እኛ ያንን ነው የምናሳየው።»

እሺ አልኩት። ሌላ ያልኩት ነገር ቢኖር እጽፈው ነበር። ሁለት ሥራ በአፌ ለቅቄያለሁ፤ ሦስተኛውን ለቅቄ እናቴ ፊት መቆም አስጠላኝ።

ቀኑ ደረሰ። አምስት መኪና መጣ። ባነሩ ሁለት ግራር መካከል ተወጠረ፤ የታተመበት ሽንኩርት ከኢንተርኔት የወረደ ነው፤ እንዲህ ያለ ሽንኩርት በዚህ ምድር በቅሎ አያውቅም። ለሁሉም ኮፍያ ተሰጠ። ሴትዮዋ ኮፍያውን በሻሻቸው ላይ ደፍተው ከፊት ካለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ምራትየው ልጇን አዝላ ከጀርባቸው ቆመች። ከእንግዶቹ አንዱ የሰጋቱራውን መደብ አይቶ «ማሻአላህ! ይኼ ነው ተፈጥሯዊ ማለት!» አለ። አንዷ ሴት ቅጠሉን እያሻሸች «አረንጓዴነቱ ራሱ የተለየ ነው» አለች። ሦስት ጣሳ ዩሪያ ሰው ሲያመሰግነው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አስተባባሪው ስለ አፈር ጤና ሃያ ደቂቃ ተናገረ፤ ተናግሮ ሲጨርስ ጫማው ላይ አንድም አፈር አልነበረም።

ከዚያ ተጠራሁ። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ነከርኩ፤ ወረቀቱ ሮዝ ሆነ። ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ሁለተኛውን ነከርኩ፤ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከፍ አድርጌ አሳየሁ። አጨበጨቡ። ካሜራው ብልጭ ብልጭ አለ። አስተባባሪው «ተጠቃሚዋ አርሶ አደር አስተያየት ካላቸው» አለ፤ ለወግ ነው ያለው።

ሴትዮዋ ተነሱ። እንግዶቹን በአክብሮት እጅ ነሥተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኼ ከእኔ መሬት የወጣ ውሃ ነው፣ ኢንታላ ኮ?»

ልጄ ማለታቸው ነው። አስተባባሪው ቀደመኝ። «አዎ እማማ! ከራስዎ መሬት!»

«እንግዲያው ጸዳ ማለት ነው?»

«እየጸዳ ነው፣ እየጸዳ ነው! እግዚአብሔር ይመስገን ይበሉ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ፤ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞረው በኦሮምኛ «ሂጂ ቅጂ፤ ዛሬ ቦኖ አትወርጂም» አሏት።

ልጅቷ አልተጠራጠረችም። ትንሹን ባልዲ ይዛ ወደ ጉድጓዱ ሄደች። ገመዱ ሲወርድ የመቅጃው ጎማ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል። አስተባባሪው እንግዶቹን ወደ ምሳው እየመራ ነው። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ላይ ተኝቷል፤ እግሩ ከአንቀልባው ወጥቶ ይወዛወዛል።

«ከሱቅ ነው!» አልኩ።

ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። ሁሉም ቆመ።

«ነጩ ውሃ ከዚህ መሬት አይደለም። የታሸገ ውሃ ነው፤ ከሱቅ የተገዛ ነው። የመሬቱ ይኼው!»

ሲሪንጁን ቱቦው ላይ ሰክቼ ሳብኩ። ስቸኩል ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ወረቀት ነከርኩ፤ ወይን ጠጅ ሆነ። ሄጄ ምራትየው የያዘችው ባልዲ ውስጥ ሌላ ወረቀት ነከርኩ፤ እሱም እንደዚያው። ሁለቱን ይዤ እንግዶቹ ፊት ቆምኩ። ባለካሜራው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። «ማሻአላህ» ያለው ሰውዬ ሰዓቱን አየ። ሌላው ለሹፌሩ በሹክሹክታ «ዓሣው እዚህ ነው ወይስ ከተማ?» ሲል ሰማሁት።

«ጀማሪ ሠራተኛ ናት፤ ናሙና ተሳስቶባት ነው» አለ አስተባባሪው እየሳቀ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ሳይስቅ «ከዚህ ጥፊ» አለኝ።

«ሦስት ጣሳ ዩሪያ ተጨምሮበት ነው!» አልኩ፤ ለእሱ አይደለም፣ ለሴትዮዋ። «ሃርሜ፣ የጨመሩት ነው የወረደው። ለልጁ አይሆንም። ፋሲካም ያልኳችሁ እኔ ከራሴ ነው። በፋሲካ አይጸዳም። በሚቀጥለውም ፋሲካ አይጸዳም፤ ጎረቤቶቻችሁ ሁሉ ካልሠሩት።»

ሴትዮዋ አስተባባሪውን አላዩትም። እኔን ነው ያዩኝ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ።

«በደጄ!» አሉ። «እንግዳ ፊት! እንደ ልጄ አስገብቼሽ፣ ሰው በሰማው ቁጥር ዩሪያ በተነች እንዲለኝ! ምን አደረግኩሽ? ለአንቺው ብዬ አይደለም እንዴ?»

«ለእኔ ብለው ነው።»

«ታዲያ ብቻዬን ጠርተሽ አትነግሪኝም ነበር? ሳምንት ሙሉ የት ነበርሽ?»

ምራትየው በሁለታችን መሀል ባልዲውን ይዛ እንደቆመች ናት፤ ውሃው ከጠርዙ እየተንጠባጠበ እግሯን አርሷል። አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሱ «ድፊው» አሏት።

ልጅቷ ባልዲውን ቦዩ ውስጥ ደፋችው። አህያዋን ልትፈታ ሄደች። ቦርሳዬን ከወንበሩ ሥር አነሳሁ፤ በጓሮ በኩል ወጥቼ አቧራማውን መንገድ ይዤ አስፋልቱ ድረስ ሄድኩ። ወደ ባቱ ወደ ቢሮው ሳይሆን ወደ መቂ፣ ወደ አዳማ አቅጣጫ የሚሄድ ሚኒባስ ቆመልኝ፤ ገባሁ።